ቀለሙን መቆጠብ፤ መልኩን ማቆየት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐዋሳ ሲደርስ ዕቃውን ከሚያወርድባቸው ሰፈሮች አንዱ መናኸሪያ ይባላል። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ሰፈሩ የመኪናና የመንገደኛ ሰፈር ሲሆን፣ ዛሬ ከከተማዪቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ በዚሁ ስም ይጠራል። በዚያ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ያልፋል፤ የባጃጁ ነጂ ጡሩንባውን ይነፋል፤ ረዳቱ የሚሄድበትን አገር ስም እየደጋገመ ይጣራል፤ ቡና የምታፈላው ሴትም በበኩሏ ከሰሏን ታራግባለች። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል «ጉርድ ፎቶ ወዲያው ይደርሳል» የሚል ጽሑፍ በደጃቸው የለጠፉ ትንንሽ ፎቶ ቤቶች ይታያሉ። የእያንዳንዱ ቤት ሀብት አንድ ካሜራ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ጀርባ የተዘረጋ ነጭ መጋረጃና በጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠ አንድ ፕሪንተር ነው።

እኛም ባለፈው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሄደን ሳለን ለአንድ ማመልከቻ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ስላስፈለገን ከነዚህ ቤቶች ወደ አንደኛው ጎራ አልን። ለአምስት ደቂቃ ጉዳይ ገብተን ግማሽ ቀን ውለን ወጣን። ያዋለንም ነገር ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ነው።

ተራችንን እየጠበቅን ሳለን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡና ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቀስ ብለው ሲፈቱት ፎቶግራፍ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ነው ለማለት ያዳግት ነበር። የሰውዬው ፊት ወደ ብርቱካን ቀለም አዘንብሏል፤ ከበስተ ኋላው የነበረው ሰማይ ነጥቷል፤ ልብሱም ምን ዓይነት እንደ ነበረ አይለይም።

«ልጄ፣ የባለቤቴ መልክ ነው። ከዚህ ሌላ የለኝም። እንደ ድሮው አድርግልኝ» አሉ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሥዕሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ደጁ ብርሃን አስጠጋውና ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ተመለከተ።

«እማማ፣ መቼ ያሳተሙት ነው?»

«አራት ዓመት አልሞላውም። ልጄ ከስልኩ አውጥቶ ነው ያሳተመልኝ። ስልኩም በኋላ ጠፋ።»

«የት ተሰቅሎ ነበር?»

«ከበሩ ትይዩ፤ የሚገባ ሰው ሁሉ እንዲያየው ብዬ።»

ባለሙያው ጥቂት ዝም አለና «የሚቻለውን ያህል እንሞክራለን፤ ይቀመጡ እማማ» ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። ወደ እኛም ዘወር ብሎ «ይህ ሥዕል የረከሰ ቀለም ሥራ ነው፤ ጥቂት ብር ተቆጥቦበት የሰው መልክ ጠፋበት» አለን። ከዚህ በኋላ የእኛ ጉርድ ፎቶግራፍ ቀርቶ ወሬው ሁሉ ስለ ቀለም ሆነ።

ከጨለማው ክፍል እስከ ጠብታው

በአገራችን ፎቶግራፍ ማንሣት ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ለብዙ ዘመን ያገለገሉ መሆናቸው የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ሥዕል የሚወጣው በቀይ መብራት በሚሠራበት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ወረቀቱን ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው መድኃኒት እየነከሩ ነበር። ሥራው አድካሚ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ኔጋቲቩ በፎቶ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ የተቀደደ ወይም የደበዘዘ ሥዕል ያለው ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም ተመልሶ ቢመጣ እንደ አዲስ ሊታተምለት ይችላል።

ዛሬ ግን ኔጋቲብ የሚባል ነገር በብዙዎቹ ፎቶ ቤቶች የለም። ሥዕሉ በስልክ ውስጥ ይኖራል፤ ስልኩ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የወጣችው አንዲት ቅጂ ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ ቅጂ ናት። የቀለም ነገር የኪስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመታሰቢያ ጉዳይም የሆነው ስለዚህ ነው።

የዛሬው ፕሪንተር ቀለምን በጠብታ እየረጨ የሚያትም ነው። ይህ ዘዴ ከተገኘባቸው መንገዶች አንዱ ሲነገር የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓን አገር በካኖን ኩባንያ ኢቺሮ ኤንዶ የሚባሉ ተመራማሪ በሚሠሩበት ክፍል፣ የጋለ የብየዳ ብረት በአጋጣሚ ቀለም የያዘ መርፌ ቢነካ ቀለሙ ከመርፌው ጫፍ ፊጭ ብሎ ወጣ። ከዚህ በመነሣት ቀለሙን በቅጽበት አሙቆ በአረፋ ግፊት የሚያስወጣ ማተሚያ ተሠራና እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ቀረበ። በአሜሪካም የኤችፒ ኩባንያ ተመሳሳዩን መንገድ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1984 የራሱን ማተሚያ አውጥቶ ነበር። ሌላው የጃፓን ኩባንያ ኤፕሰን ደግሞ ሙቀትን ትቶ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚንቀሳቀስ ደቃቅ ጠጣር ነገር ቀለሙን እየገፋ እንዲያስወጣ አደረገ። ዛሬ በየፎቶ ቤቱ የምናያቸው ማተሚያዎች ከነዚህ ከሁለቱ መንገዶች በአንዱ የሚሠሩ ናቸው።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለቁጠባም ይጠቅማል። በሙቀት ከሚሠሩት በብዙዎቹ ባለሙያዎች «ሄድ» የሚሉት የማተሚያው ራስ ከካርትሪጁ ጋር የተያያዘ ነውና፣ ካርትሪጁ ሲለወጥ እርሱም አብሮ ይለወጣል። በግፊት በሚሠሩት ግን ሄዱ ከማሽኑ ጋር ተሠርቶ የሚኖር በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ከተበላሸ የጥገናው ዋጋ ወደ ማሽኑ ዋጋ ይጠጋል።

የአንዲት የሻይ ማንኪያ ቀለም

በገባንበት ፎቶ ቤት ያለው ማሽን ካርትሪጅ የሌለው፣ ቀለሙ ከጠርሙስ ወደ ታንክ የሚገለበጥ፣ ባለ ስድስት ቀለም ነው። ስድስቱም ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሰማያዊና ፈዛዛ ቀይ ናቸው። ፈዛዞቹ የተጨመሩት የሰው ፊት ነጠብጣብ ሳይታይበት ለስላሳ ሆኖ እንዲወጣ ነው። ኤፕሰን እንዲህ ያሉትን ባለ ታንክ ማሽኖች መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ሲሆን፣ ምክንያቱም በዚያ አገር ነጋዴዎች በየካርትሪጁ ላይ ቱቦ እየቀጠሉ ቀለሙን ከውጭ ጠርሙስ መሳብ ስለ ለመዱ ነበር። ችግር ዘዴ ያመጣል እንደሚባለው ድሃው ያወጣውን ዘዴ ፋብሪካው ተማረው።

ባለሙያው እርሳስ አንሥቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሒሳብ አሳየን። ኤል 805 ለሚባለው ማሽን አንዱ ጠርሙስ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስድስቱ ሲደመሩ 420 ሚሊ ሊትር ይሆናሉ። ፋብሪካው በዚህ ቀለም 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ እስከ 1,800 ድረስ ይታተማል ይላል። ስለዚህ ለአንድ ሥዕል የሚደርሰው ቀለም 0.23 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንዲት የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለምትይዝ፣ ከአንዲት ማንኪያ ቀለም ከሃያ የማያንሱ ሥዕሎች ይወጣሉ ማለት ነው።

የጠብታዋም ትንሽነት የሚያስደንቅ ነው። ከዚህ ማሽን የምትወጣው ትንሿ ጠብታ አንድ ተኩል ፒኮ ሊትር ትሆናለች። አንዱን ሚሊ ሊትር በዚህ መስፈሪያ ብንሰፍረው ከ600 ሚሊዮን የሚበልጥ ጠብታ ይወጣዋል። ይህችን የምታህል ጠብታ የምታልፍበት ቀዳዳ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ አንባቢያችን ሊገምት ይችላል። ትንሽ አቧራ ወይም የደረቀ ቀለም ቢያገኛት ትዘጋለች። የቀለም ብክነትም መነሻው በአብዛኛው ከዚህች ቀዳዳ ነው።

ቀለሙ የት ይሄዳል?

«ሰው ቀለም የሚያልቀው በማተም ይመስለዋል» አለን ባለሙያው። «እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጠርሙሱ ባለቀ ቁጥር ያተምኩትን ሥዕል ብቆጥር ግን አይገናኝም። ኋላ ነው የገባኝ። ከወረቀቱ ይልቅ ስፖንጁ ይጠጣው ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ማሽኑ እንዲያጸዳ ይታዘዛል። ማጽዳት ማለት ደግሞ ቀለሙን በኃይል ስቦ በቀዳዳዎቹ ማስወጣት ነው። የወጣው ቀለም በማሽኑ ሆድ ውስጥ ወዳለው ስፖንጅ ፈስሶ ይቀራል። አንድ ትልቅ ጽዳት ብዙ ሥዕል የሚያወጣውን ቀለም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የቀለም ቁጠባ የመጀመሪያው ምሥጢር ማሽኑ ጽዳት እንዳይፈልግ አድርጎ መያዝ ነው። ባለሙያው ከልምድ ያገኛቸውን ደንቦች ለፎቶ ቤቶችም፣ ቤታቸው ፕሪንተር ላላቸው አንባቢዎቻችንም ይጠቅማሉ ብለን ስላመንን እነሆ እንዘረዝራቸዋለን።

አንደኛ፣ ማሽኑ የሚጠፋው በራሱ ማጥፊያ ነው። በዚያ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ማረፊያው ይሄድና ክዳኑ ይገጠምለታል። ዲቫይደሩን በማጥፋት ወይም ገመዱን በመንቀል ሲጠፋ ግን ሄዱ ባለበት ሳይከደን ይቀራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይደርቃል፤ ጠዋት ጽዳት ይፈልጋል። መብራት በድንገት ሲጠፋም የሚደርሰው ይኸው ነው። መብራቱ ሲመለስ ሥራ ባይኖርም እንኳ ማሽኑን አብርቶ ወደ ማረፊያው እንዲገባ ማድረግና ከዚያ በማጥፊያው ማጥፋት ይገባል። አቅም ያለው ትንሽ ዩፒኤስ ቢገዛ ከዚህ ሥጋት ይድናል።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ማብራትና ማጥፋት አያስፈልግም። ብዙዎቹ ማሽኖች በበሩ ቁጥር ለራሳቸው ጥቂት ቀለም ያስወጣሉና፣ ጠዋት አብርቶ ማታ ማጥፋት ይሻላል። ለኤሌክትሪኩ ብለው በየሰዓቱ የሚያጠፉ ሰዎች በሳንቲም የቆጠቡትን በብር ይከፍሉታል።

ሦስተኛ፣ ሥራ ቢጠፋ እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ቀለሞች ያሉበት ትንሽ ነገር ማተም ያስፈልጋል። እንደማይነዳ መኪና እንደማይሠራ ፕሪንተርም ቆሞ ይበላሻል። በተለይ በበጋ፣ አየሩ ደርቆ አቧራው ሲበዛ፣ ማታ ማታ ማሽኑን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና ፀሐይ ከምታገኘው ቦታ ማራቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ሥዕሉ ላይ መስመር ሲታይ ወዲያው ወደ ጽዳት መሮጥ አይገባም። አስቀድሞ የቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ በተራ ወረቀት ማተም ነው። ይህ የሚወስደው ቀለም እዚህ ግባ የማይባል ነው። ጉድለት ከታየ አንድ ጊዜ ማጽዳትና እንደ ገና መፈተሽ ይገባል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተስተካከለ ማሽኑን አጥፍቶ ለብዙ ሰዓት፣ ቢቻል እስከ ማግሥቱ ድረስ ማሳደር ነው። ብዙ ጊዜ የደረቀው ቀለም በራሱ ይርሳል፤ የገባውም አየር ይወጣል። ተናዶ አሥር ጊዜ የሚያጸዳ ሰው ታንኩን ባዶ ያደርጋል እንጂ ቀዳዳውን አይከፍትም።

አምስተኛ፣ ታንኩ ከታችኛው መስመር ሳይወርድ መሞላት አለበት። ቀለሙ አልቆ ቱቦው አየር ከሳበ፣ አየሩን ለማስወጣት የሚፈሰው ቀለም ቶሎ ባለመሙላት ከተቆጠበው ይበልጣል። በሙቀት የሚሠራ ካርትሪጅ ደግሞ ሳይኖረው ቢታተምበት ሄዱ ይቃጠላል፤ ሄዱን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቀለሙ ነውና። በሌላ በኩል ኮምፒዩተሩ «ቀለም ሊያልቅ ነው» ባለ ቁጥር ካርትሪጅ አውልቆ መጣል አይገባም። ብዙውን ጊዜ ማስጠንቀቂያው የተረጨውን ጠብታ ቆጥሮ የሚገምት እንጂ ቀለሙን ዓይቶ የሚናገር አይደለም። አዲሱን አዘጋጅቶ ሥዕሉ መፍዘዝ እስኪጀምር መጠበቅ ይቻላል።

ስድስተኛ፣ የወረቀቱን ዓይነት ለማሽኑ በትክክል መንገር ነው። ማሽኑ የሚረጨውን ቀለም የሚመጥነው በወረቀቱ ዓይነት ነውና፣ ተራ ወረቀት አስገብቶ የፎቶ ወረቀት ነው ቢሉት ቀለሙን አብዝቶ ይረጭና ወረቀቱን ያርሰዋል። የፎቶ ወረቀቱም ቀለም የሚቀበለው በአንድ ገጹ ከሆነ ገልብጦ ማስገባት ወረቀቱንም ቀለሙንም ማጥፋት ነው። የትኛው ገጽ እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ በጥቂቱ በረጠበ ጣት ጥጉን መንካት ነው፤ ቀለም የሚቀበለው ገጽ ጣትን ያዝ ያደርጋል።

ሰባተኛ፣ ቀለሙ ደስ ይል እንደ ሆነ ለማየት ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ አትሞ መጣል አይገባም። በጨለማው ክፍል ዘመን ባለሙያዎች በጠባብ ቁራጭ ወረቀት ይሞክሩ ነበር። ዛሬም ከፊቱ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ፣ ያን ብቻ አትሞ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያ ሙሉውን ማተም ይቻላል። እንዲሁም ያለ ነጭ ጠርዝ የሚታተም ሥዕል ከወረቀቱ አልፎ ስለሚረጭ ትርፉ ቀለም ወደ ስፖንጁ ይሄዳል። ደንበኛው ካልጠላው በቀር ነጭ ጠርዝ መተው ቀለም ይቆጥባል። ለጉርድ ፎቶግራፍም ቀይና ሰማያዊ መደብ ቀለም ሲጠጣ ነጩ መደብ ምንም አይጠጣም።

ስምንተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚገባውን መሣሪያ መስጠት ነው። በመናኸሪያ ያሉ ብዙዎቹ ፎቶ ቤቶች ፎርምና ማመልከቻም ያትማሉ። ይህን በባለ ስድስቱ ቀለም ማሽን መሥራት በቅቤ እግር እንደ መታጠብ ነው። ለጽሑፍ ባለ ጥቁር ቀለም ሌዘር ማሽን ይበቃዋል፤ እርሱ ከሌለም ማሽኑን በጥቁር ብቻና በቀላል ጥራት እንዲያትም ማዘዝ ይቻላል።

በ10 በ15 ወረቀት ላይ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ ዘጠኝ ይገባል። አራት አራት የፈለጉ ሁለት ደንበኞችን በአንድ ወረቀት ማስተናገድ ይቻላል ማለት ነው። ይህ ግን የወረቀት ቁጠባ ነው እንጂ የቀለም አይደለም፤ ባዶው ቦታ ቀለም አይጠጣምና።

በመጨረሻም ስፖንጁ ራሱ የሚሞላበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ማሽኑ አልሠራም ብሎ ይቆማል። አንዳንዶች ስፖንጁን ሳይለውጡ ቆጠራውን ብቻ በኮምፒዩተር ወደ ዜሮ ይመልሱና ማሽኑ ይነሣል። ቀለሙ ግን አንድ ቀን ከሆዱ ሞልቶ በጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ስፖንጁን አስለውጦ ቆጠራውን መመለስ ነው ደንቡ።

የቆጡን አወርድ ብላ

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ «እንግዲያውስ ርካሹን ቀለም ገዝቶ እንደ ልብ ማተም አይሻልም ወይ?» ብለን ጠየቅን። ባለሙያው ሥዕላቸው በኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ተዘረጋው እናት አመለከተን።

ርካሽ ቀለም ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ከፋብሪካው ውጭ ተሠርቶ በደህና የሚያገለግል ቀለምም አለ። ችግሩ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው። የፕሪንተር ቀለም በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው በፈሳሹ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ ነው፤ ሁለተኛው እጅግ የላመ ዱቄት ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነው። ለአንደኛው በተሠራ ማሽን ሁለተኛውን መጨመር፣ ወይም ሁለቱን መደባለቅ፣ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ሄዱ ከማሽኑ ጋር የተሠራ ከሆነ ደግሞ የጠርሙሱ ቁጠባ ማሽኑን ይዞ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ግን የሚደርሰው በፎቶ ቤቱ ላይ ሳይሆን በደንበኛው ላይ ነው። ሥዕሉ በተሰጠበት ቀን ያማረ ስለ ሆነ ማንም አይጠራጠርም። ቀለሙ መሄድ የሚጀምረው ከወራት በኋላ ነው። ለዚህም ታላላቆቹ ፋብሪካዎች እንኳ መፈተናቸውን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤፕሰን ያወጣቸው አዳዲስ የፎቶ ማተሚያዎች፣ ስቲለስ ፎቶ 870 እና 1270፣ በአንድ ዓይነት አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያተሟቸው ሥዕሎች በአንዳንድ ሰዎች ቤት በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ብርቱካን ቀለም ተለወጡ። ሲመረመር ምክንያቱ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባለው ጋዝ ሰማያዊውን ቀለም መብላቱ ነበር። ሰማያዊው ሲሄድ ቀዩና ቢጫው ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ፊት ሁሉ ብርቱካን ይመስላል። ያን ጊዜ ፋብሪካዎቹ ቀለማቸውንና ወረቀታቸውን ወደ ማሻሻል ሄዱ። ስሙ በማይታወቅ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቀለም ግን እንዲህ ያለ ፈተና ይለፍ አይለፍ የሚናገርለት ሰው የለም።

የእኚህም እናት ሥዕል የደረሰበት ይኸው ነው። ከበር ትይዩ ስለ ተሰቀለ ብርሃኑም ነፋሱም አግኝቶታል፤ መስተዋትም አልነበረውም። የታተመበት ቤት የት እንደ ሆነ እርሳቸውም አያስታውሱም፤ እኛም ለመፈለግ አልሞከርንም። ምናልባትም ያተመው ሰው ክፉ አሳቢ ሳይሆን ችግረኛ ይሆናል።

ችግሩንም መካድ አይቻልም። የፎቶግራፍ ቀለም ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የጠርሙሱ ዋጋ በዚያው ልክ ሲወጣ የጉርድ ፎቶግራፍ ዋጋ እኩል ሊወጣ አይችልም። ፎቶ ቤቱን የሚያኖሩት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ስናስብ ነገሩ ይገባናል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ለማግኘት ከገጠር የመጣች ወጣት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል የመጣ ምእመን፣ ለፊቼ ጨምበላላ ከዘመዶቹ ጋር የተሰበሰበ ቤተሰብ፤ ደንበኞቹ እነዚህ ናቸው። ከነዚህ ሰዎች ብዙ ማስከፈል ያሳፍራል፤ ጥቂት አስከፍሎ መኖርም ያስቸግራል። በሁለቱ መካከል ያለው መውጫ ቁጠባ ነው። ቁጠባ ግን የረከሰውን መግዛት ሳይሆን የገዙትን አለማባከን ነው። ወደ ስፖንጁ ይፈስ የነበረውን ቀለም ወደ ወረቀቱ የመለሰ ሰው ደህናውን ቀለም ለመግዛት አቅም ያገኛል።

ደንበኛውም የራሱ ድርሻ አለው። ሥዕሉን ሲቀበል «ቀለሙ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። አዲስ የታተመ ሥዕል ለብዙ ሰዓት በደንብ ሳይደርቅ በአልበም ወይም በመስተዋት ውስጥ መታሸግ የለበትም። ከደረቀ በኋላ ግን በመስተዋት ውስጥ አድርጎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ መስቀል ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋይሉን በስልኩ ብቻ ሳይተው በሌላ ሁለተኛ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የዛሬው ኔጋቲብ ይህ ነውና።

ዓይኑ ግን እርሱ ነው

ወደ እናታችን እንመለስ። ባለሙያው የደበዘዘውን ሥዕል በስካነር አንሥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ደከመበት። ሰማያዊው ቀለም ፈጽሞ አልጠፋም ነበርና፣ የቀረችውን ጥቂት እያጎለመሰ፣ የገነነውን ቀይ እየቀነሰ ፊቱን ወደ ሰው መልክ መለሰው። በመሐል ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ያስተናግዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። እናቲቱም መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ሙሉውን ከማተሙ በፊት፣ ደንቡ እንደ ሆነ፣ ከዓይኑና ከግንባሩ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ በቁራጭ ወረቀት ላይ አተመና ለእርሳቸው ሰጣቸው።

«ይመስላሉ እማማ?»

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

«ቆዳው ከዚህ ይጠቁር ነበር። ዓይኑ ግን እርሱ ነው» አሉ።

ባለሙያው ጥቂት አጥቁሮ ሁለት ቅጂ አተመ። አንዷን ለግድግዳ፣ አንዷን ለሣጥን። ፋይሉንም በራሱ ኮምፒዩተር ካስቀመጠ በኋላ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ጠይቆ ላከለት። «እስኪደርቁ ይቆዩ፤ ዛሬ አይጠቅልሏቸው። ይህችኛዋን ደግሞ ከበሩ ትይዩ አይስቀሏት» አላቸው።

«የት ልስቀላት ታዲያ? ሰው ሲገባ የማያያት ከሆነ?»

«ከበሩ ጎን ባለው ግድግዳ፤ የሚወጣ ሰው ያያታል።»

እናቲቱ በሐሳቡ ተስማሙና ሥዕሎቹ እስኪደርቁ ቡና ተጠርቶላቸው ተቀመጡ። ቁራጯን የመሞከሪያ ወረቀት ግን ባለሙያው ሊጥላት ሲል ከእጁ ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጠሯት። እኛም ጉርድ ፎቶግራፋችንን ተነሥተን፣ ዘጠኙንም ተቀብለን፣ ሒሳባችንን ከፍለን ወደ መንገዳችን ሄድን።